ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ

ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ባዶ ክፍል ይታያል፤ ከዚያ እጅ ብቻ። ፊት የለም። እጁ ግድግዳውን ነጭ ይቀባል፣ ጣውላ ያቆማል፣ ከጠረጴዛው ሥር የኤልኢዲ መብራት ይለጥፋል፣ ሻማ ይለኩሳል፣ ቡናውን ላፕቶፑ አጠገብ ያስቀምጣል። ሙዚቃው ሲያልቅ ክፍሉም ያልቃል። መጨረሻ ላይ የሚታየው ወንበር ባዶ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲሠራበት አናይም።

እነዚህን «ከቤት መሥሪያ ቢሮ» ቪዲዮዎች እንደ አንድ ዘውግ ማየት የጀመርኩት ቆይቼ ነው። እውነትም ዘውግ ናቸው፤ እንደ ድራማና እንደ ልብ ወለድ የራሳቸው ሕግ አላቸው። መስኮቱ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። የማራዘሚያ ገመድ አይታይም። መብራት አይጠፋም። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በይዘት ሳይሆን በቀለም ነው። በሩን ከፍቶ «ሽንኩርት አለቀ» የሚል ሰው የለም። ሁሉም ደግሞ አንድ ነገር ይነግሩናል፦ ክፍልህን አስውብ፣ ሐሳቡ በራሱ ጊዜ ይመጣል። በዚህ ዘውግ ላይ መጻፍ የፈለግኩት ይህን አምኜ ስለነበር ነው። አምኜም አልቀረሁ፣ ግድግዳ ፍቄበታለሁ።

የፋቅኩት መካነ ሰላም ነው። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከደሴ ስትመጡ በአቀስታ አድርጋችሁ፣ ብርዱን ለምዳችሁት ነው የምትደርሱት። ከቤት የሚሠራ የትርጉም ሥራ አገኘሁና በግቢያችን ያለውን የጓሮ ክፍል «ቢሮ» ላደርገው ተነሳሁ። ክፍሉ የጭቃ ነው፤ በማገር የቆመ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገ። ግድግዳውን አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ጋዜጣ አልብሶት ነበር።

ጋዜጣ በለበሰ ቤት ላላደጋችሁ ላስረዳ። ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና እሳት ላይ ሲበስል ሙጫ ይሆናል፤ ጋዜጣው በዚያ ይለጠፋል። አፈር አይራገፍም፣ ንፋስ በስንጥቁ አይገባም፣ ቤቱም ፈካ ይላል። በእኛ ቤት አብዛኛው አዲስ ዘመን ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ይህ ጋዜጣ በስንት ሰው ቤት ግድግዳ ሆኖ እንዳገለገለ ማን ቆጥሮት! እኔ ማንበብ የለመድኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አባቴ አንዳንዱን ገጽ ገልብጦ ስለለጠፈው አንገቴን አጣምሜ አነብ ነበር። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ «ወደ ገጽ 5 ይዞራል» የሚለው ነው። ገጽ 5 ከጀርባው ጭቃው ላይ ተጣብቋላ! የቀረውን ታዲያ ራሴ እፈጥረዋለሁ። ለታናሽ እህቴም ከጋዜጣው እንዳነበብኩት አድርጌ እተርክላት ነበር።

ያንን ነው ፍቄ ያነሳሁት። ጀሶ አስመታሁ፣ ነጭ ቀለም ቀባሁ፣ ጠረጴዛ ላሠራ አናፂ ጠራሁ። አናፂው ከስልኬ ያሳየሁትን ፎቶ አገላብጦ አየና፦

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እግሩን የት ነው የሚዘረጋው?» አለኝ።

ሳቅኩበት። እውነቱን ለመናገር ግን ስለዚህ ዘውግ ከሰማኋቸው ትችቶች ሁሉ የመጀመሪያውና ምርጡ ያ ነው። ፎቶው ለሚያየው እንጂ ለሚቀመጥበት አልተሠራም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጀሶው ተሰነጠቀ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ሲደርቅ ይተነፍሳል፤ ጀሶው ይህን አልቻለውም፣ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ወረደ። አባቴ በዱቄት ሙጫ የፈታውን ችግር እኔ በብዙ ብር መልሼ አመጣሁት።

ታዲያ የሥራ ቦታን ማስዋብ ከንቱ ነው? አይደለም። አዲስ አበባ፣ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ፣ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋ አለ። ቤታቸውንም ስቱዲዮአቸውንም ራሳቸው ናቸው የነደፉት፤ ከአክሱም፣ ከላሊበላ፣ ከጎንደርና ከሐረር ኪነ ሕንፃ እየቀዱ። ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ኖረውበታል፣ ሠርተውበታል። ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠሩ ሰው ቤታቸውን እንደ አንድ ሥራቸው ቢያዩት አይገርምም። ቪላ አልፋን ከአርባ ሰከንዱ ክፍል የሚለየው ሀብት ብቻ አይመስለኝም። በቪላ አልፋ ሥራው ቀድሞ ነበር፤ ውበቱ ከሥራው ነው የወጣው። ዓይኑ ዕድሜ ልኩን ሲያጠናው የኖረው ነገር ግድግዳ ሆነ። በቪዲዮው ግን ክፍሉ ይቀድማል፣ ሥራው ይመጣ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል።

እኛ አገር ደግሞ ያለ ጠረጴዛ የተሠራው ሥራ ይበዛል። የብራና ጸሐፊ መሬት ወይም ዝቅ ያለ መደብ ላይ ይቀመጣል፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፣ የቀለሙን ቀንድ አጠገቡ ይተክላል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት አዋህዶ ያዘጋጃል፣ ቀዩን ለከበሩ ስሞች ያቆያል፣ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። በወሎ ደረሶችም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ሉሁን፣ ያንን የእንጨት ሰሌዳ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል፣ ሲሸመድደው አጥቦ ሌላ ይጽፋል። አፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በወሎ ደጋ፣ መቅደላ አምባ ላይ ያከማቿቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ እንዲህ ጉልበት ላይ የተጻፉ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ እንደወረደ ይነገራል፤ 350 የሚጠጉ ብራናዎችም ለንደን ገቡ። ለዕይታ ሲወጡ በመስታወት ውስጥ፣ በልኩ በተመጠነ ብርሃን ነው። እጅግ ያማሩ ናቸው። የሚያነባቸው ግን ተራው ደብተራ አይደለም፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ ቪዛ ያስፈልጋል።

ይህን የማነሳው ለቁጭት ብቻ አይደለም። አንድ ዕቃ ጌጥ የሚሆነው መቼ ነው የሚለውን ስለሚያሳየኝ ነው። አሁን «ባህላዊ ስታይል» የሚባል የቢሮ ማስዋቢያ መጥቷል፤ ሞሰብ መደርደሪያ ላይ፣ ጀበና የእስክሪብቶ ማስቀመጫ፣ ዝተት ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል። ያምራል፣ አልክድም። ግን የላጋምቦ ዝተት የተሠራው ለብርድ ነው። በር ላይ ብትሰቅሉት ንፋስ ይከለክላል፤ አጎዛውን ወንበር ላይ ብታነጥፉት ወገብ ያሞቃል። ግድግዳ ላይ በምስማር ተመትቶ እናንተ ስትንዘፈዘፉ ግን የሚያሞቀው ካሜራውን ነው። ዕቃው ሥራውን እንዲያቆም ተደርጎ ነው ጌጥ የሆነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ዕቃ ነው። የዘውጉ ትልቁ ጥፋት ግን ዕቃው ላይ አይደለም፣ በሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 ቨርጂኒያ ዎልፍ ካምብሪጅ ውስጥ ለሴት ተማሪዎች ንግግር አደረገች፤ በዓመቱ «የራስ ክፍል» በሚል ሐሳብ ዙሪያ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። አንዲት ሴት ለመጻፍ የሚያስፈልጋትን ስትዘረዝር ሁለት ነገር አስቀመጠች፤ በዓመት 500 ፓውንድና ቁልፍ ያለው ክፍል። ዎልፍ ምቾትን የምትንቅ ሴት አይደለችም፤ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የወንዶቹን ኮሌጅ ምሳና የሴቶቹን ኮሌጅ እራት ሳህን በሳህን ታወዳድራለች። ጥያቄዋ ግን ክፍሉ ምን ይመስላል የሚል አልነበረም። ማን ይከፍላል? ማን ይዘጋል? ማን ውጭ ይቀራል? የሚል ነበር። የአርባ ሰከንዱ ቪዲዮ በአዲስ ቀለም የሚሸፍነው ይህን ጥያቄ ነው።

እኔም ሸፍኜው ነበር። ጀሶው ሳይሰነጠቅ በፊት አንድ ቀን ማታ የራሴን ክፍል ቀረጽኩ። ጠረጴዛው ላይ የእህቴ ደብተር ነበር፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በፕላስተር የተያያዘ። አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር።

«ወንድምጋሼ፣ ደብተሬን ለምን አነሳኸው?»

«ለቪዲዮው አይሆንም።»

ምንም አላለችም። ደብተሯን ይዛ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እህቴ ያን ጊዜ 11ኛ ክፍል ነበረች፤ የምታጠናው ምድጃው አጠገብ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። ወጥ እያማሰለች ኬሚስትሪ። የጓሮው ክፍል የጋራ በነበረበት ዘመን ማታ ማታ እዚያ ታጠና እንደነበር እኔ አውቃለሁ። «ቢሮ» ካልኩት በኋላ ግን ማንኳኳት ጀመረች፣ ቀጥሎም መምጣት አቆመች። ማንም አልከለከላትም። ክፍሉ ነው የከለከላት። ነጭ ነበራ፤ እጇ ደግሞ ጥላሸት አለው።

በ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መምህር፣ መጽሐፍ፣ ጦርነት። ጠረጴዛ ብቻውን አንድን ልጅ ያሳልፋል አልልም። ግን እንዲህ ያለ ፈተና በሚጠብቃት ልጅ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ካለና እሱም ለካሜራ ከተያዘ፣ «ክፍሉ ያነቃቃል» ስንል ማንን ነው የሚያነቃቃው?

መልሱ የመጣው በግድ ነው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። የእኔ ሥራ ያለ ኔት አይሆንም። በቃ ቆመ። የተዋበ ክፍሌ ውስጥ እየገባሁ ተቀመጥኩ፤ ሻማውን ለኮስኩ፣ ቡናዬን አጠገቤ አኖርኩ። ሁሉ ነገር ልክ እንደ ቪዲዮው ነበር። ወንበሩ ላይ ሰው ቢኖርም ያው ባዶ ነው። ሐሳብ በራሱ ጊዜ ሲመጣ አላየሁም። የሚያነቃቃኝ ግድግዳው ሳይሆን ከሩቅ የሚጠብቀኝ ሥራ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ማድ ቤት ሄጄ «ነይ፣ ክፍሉ ክፍት ነው» አልኳት።

«ቢሮህስ?»

«አብሽሪ። ቢሮ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ክፍሉን እንደገና አደራጀነው፤ አሁን በእሷ ጥያቄ። ጠረጴዛውን ከመሃል ወደ መስኮቱ አስጠጋነው፤ ብርሃኑ በጎን በኩል እንዲመጣ፣ መብራት ሲጠፋም ፀሐይ እስክትገባ እንዲያሠራ። ዝተቱ በሩ ላይ ተሰቀለ። የኤልኢዲ መብራቱ አልተጣለም፤ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ከደብተሯ በላይ ሆነ፣ በባትሪ ስለሚሠራ ጠቀመን። አናፂው ተመልሶ መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን መወጠሪያ ቆረጠው፤ እግር ተዘረጋ። የወጡም ነገር ተነሳ፤ ማክሰኞና ሐሙስ እኔ አማስላለሁ። በእኛ ቤት ይህ ከቀለሙ ሁሉ የከበደው ለውጥ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ጨው በዛ ትላለች።

ቪዲዮዎቹን ማየት አላቆምኩም። ደስ ይሉኛል፤ አንዳንዱ ስለ ብርሃን፣ ስለ ወንበር ከፍታ ጥሩ ነገር ያስተምራል። አሁን ግን ሳያቸው ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ገመዱ የት ነው የተሰካው? ከበሩ ውጭስ ማን አለ?

የተሰነጠቀውን ጀሶ ባለፈው በጋ አራገፍነው። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ አይታይም ብዬ ሳልፍቀው የተውኩት አንድ ክንድ የሚያህል ጋዜጣ አለ። ለሌላው ግድግዳ አዲስ ጋዜጣ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ድሮው አይመጣም። እህቴ የተፈታ የፈተና ወረቀቷን አምጥታ በዱቄት ሙጫ መለጠፍ ጀምራለች። የፊቱና የጀርባው ጥያቄ እንዳይጠፋባት፣ አንዱን ወረቀት በፊቱ፣ ቅጂውን በጀርባው።