በሰው ሠራሽ አስተውሎት የጤና ምርምር የተማሪዎች የተግባር ልምምድ፦ ከኮምፒዩተሩ በፊት መዝገቡ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም በተለምዶ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው ዘርፍ በሕክምናው ዓለም ቦታውን እየያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ሲመረመሩ የደረት ራጃቸውን ኮምፒዩተር በባለሙያ ምትክ ሊያነበው እንደሚችል ተቀብሏል። በኢትዮጵያም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። ስለሆነም የኮምፒዩተርና የጤና ተማሪዎችን በዚህ ዓይነት ምርምር ላይ ለተግባር ልምምድ መመደብ ተገቢና ወቅታዊ ሐሳብ ነው። ሁለቱንም ሙያዎች የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ላላት ለደብረ ታቦር ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ይሁን እንጂ የልምምዱ ይዘት ሊመረመር ይገባል። የተለመደው አካሄድ የሚከተለው ነው። ተማሪው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይመደባል፤ በሌላ አገር የተሰበሰበና ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የመረጃ ስብስብ ይሰጠዋል፤ ኮምፒዩተሩን በዚያ ያሠለጥናል፤ በመጨረሻም መሣሪያው ከመቶ ስንቱን በትክክል እንደለየ ሪፖርት አቅርቦ የምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። የዚህ አካሄድ ጥቅም አይካድም። ተማሪው የፕሮግራም አጻጻፍና የስሌት ክህሎት ያዳብራል፤ በወጪም ረገድ ቀላል ነው። ጉድለቱ ግን መሠረታዊ ነው፦ ተማሪው ኮምፒዩተሩን የሚያስተምርበት መልስ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ልምምዱን ይጨርሳል።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለተመራማሪዎች ክፍት ያደረጉት ከ112,000 በላይ የደረት ራጆች ስብስብ በዓለም ዙሪያ ጀማሪዎች ከሚለማመዱባቸው አንዱ ነው። በእያንዳንዱ ራጅ ላይ የተለጠፈው የበሽታ ስም ግን ሐኪም ምስሉን እንደገና አይቶ የጻፈው ሳይሆን፣ ኮምፒዩተር ከራጅ ሪፖርቶች ጽሑፍ ለቅሞ ያወጣው ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ መሣሪያው ከስያሜው ጋር መስማማቱን ከበሽታው ጋር እንደመስማማት ይቆጥረዋል።

የዚህን ስሕተት ክብደት ለመረዳት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ ከ1997 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ጊዜያት ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት፣ ሰውነቱ መንምኖና ጣፊያው አብጦ የሚሞተው ሰው ቁጥር ጨምሮ ነበር። ወባ ለሚታወቅበት አካባቢ ቅርቡ ግምት ወባ፣ ታማሚው በመድኃኒቱ አልድን ሲልም መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በሽታው ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ካላ አዛር የቆላ በሽታ ነው የሚለው ግንዛቤ በደጋማው ወረዳ እንዳይጠረጠር አድርጎት ቆይቷል። ወረርሽኙ ወደ ፎገራም ተዛምቶ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአካባቢው በከፈተው የሕክምና ማዕከል እስከ 2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታከሙት መካከል የሞቱት 4 ከመቶ ያህል መሆናቸው፣ በሽታው በስሙ ከታወቀ ብዙዎችን ማዳን እንደሚቻል አሳይቷል።

በዚያን ጊዜ የነበረው መዝገብ ለኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ውሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? መሣሪያው እንዲህ ያለውን ታማሚ ሁሉ በፍጥነትና በልበ ሙሉነት «ወባ» ይለው ነበር። ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከርም ውጤቱ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ይገኝ ነበር። ስሕተቱ ሊታረም የሚችለው ግን ከመዝገቡ ውጭ ያለውን እውነት፣ ማለትም መድኃኒቱን ወስዶ ያልዳነውን ሰው፣ በሚያይ ባለሙያ ብቻ ነው።

ሌላው ጥያቄ የመለኪያው ባሕርይ ነው። ደብረ ታቦር የጉና ተራራ ጎረቤት የሆነች ደጋማ ከተማ ናት። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው የሄሞግሎቢን መጠን እንደሚጨምርና በደሙ ያለው የኦክስጂን ሙሌት እንደሚቀንስ የሕክምና መጻሕፍት ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሁለቱም ረገድ በባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለዩ አመልክቷል፤ አማካይ የኦክስጂን ሙሌታቸው 95.3 ከመቶ ነበር። እንግዲህ በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች መረጃ የሠለጠነ መሣሪያ ለእነዚህ ሰዎች ትክክለኛ ሚዛን ሊሆን አይችልም። ተማሪው ይህን ሊማር የሚችለው ሄሞግሎቢንና ኦክስጂን በሚለካበት ክፍል ከባለሙያው አጠገብ ሲቆም ነው።

የታማሚ መረጃ ምስጢር ስለሆነ ለተማሪ ዝግጁ ስብስብ መስጠቱ ይሻላል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ነገር ግን ለታማሚ ምስጢር መጠንቀቅ ራሱ የሙያው ትምህርት አካል ነው። በፈቃድ፣ ስምና አድራሻ ተነሥቶለት፣ በኃላፊ ባለሙያ ክትትል መዝገብ ማንበብን ያልተማረ ተማሪ ነገ ተቀጥሮ በብዙ ሺህ ሰዎች መረጃ ላይ ሲሠራ ጥንቃቄውን ከየት ያመጣዋል?

ለዚህ የሚሆን አርአያ በቅርብ አለ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው በቡድን እየመደበ፣ በጤና ጣቢያና በሕዝቡ መካከል እያሠራ ነው። ዛሬ በቡድኑ ውስጥ የኮምፒዩተር ተማሪ ሊጨመር ይገባል። የልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንታት በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪና ተመላላሽ ሕክምና ይሁኑ። ተማሪው እያንዳንዱ የበሽታ ስም በምርመራ ተረጋግጦ ይሁን በግምት የተጻፈ መለየትን ይልመድ። ምዘናውም መሣሪያው ከመቶ ስንቱን እንዳገኘ ብቻ ሳይሆን፣ የትኞቹን ታማሚዎች እንደሳተና ለምን እንደሳተ ይጠይቅ። የጤና ባለሙያውም ፊርማ ብቻ የሚጠየቅ አስተናጋጅ ሳይሆን የልምምዱ ተቆጣጣሪ ይሁን።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ለሪፖርት የሚያምር ቁጥርም ቶሎ አያስገኝም። የሊቦ ከምከም ታሪክ ግን ቶሎ የተሰጠ ስያሜ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ስለዚህ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ዛሬ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው የበሽታ ስም ነገ ለኮምፒዩተር መማሪያ እንደሚሆን አውቆ፣ ያልተረጋገጠውን «ያልተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ይጠበቅበታል።