የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»

የሙዚቃ ጸሐፊዎች «ኢንዲ» የሚሉት፣ ማለትም ለትልቅ አሳታሚ ወይም ለቀጣሪ ሳያድር በራሱ ምርጫ የሚሠራ ባንድ፣ ስያሜው በኢትዮጵያ ሳይለመድ በፊት በዋልያስ ባንድ ታይቷል። ብዙ ሙዚቀኞች የክለብ ወይም የተቋም ንብረት በሆነ መሣሪያ ይጫወቱ በነበረበት ዘመን የዋልያስ አባላት የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠርተዋል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድምፃዊ የሌለበትን «ቼ በለው» አወጡ፤ ዘፋኝ ግንባር ቀደም በሆነበት ገበያ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። የፈረስ ማስጋለቢያ ጥሪን ርእሱ ያደረገው ይህ አልበም የባንዱን አባል የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን ከእንግዳው ሙዚቀኛ ከሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ጋር፣ ማለትም የብረት ሰሌዳዎቹ በመቺ ሲመቱ ከሚያስተጋባው መሣሪያ ጋር፣ ያጣምራል። ከአልበሙ ሥራዎች ሁሉ ልቆ የሚደነቀው ግን የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ ቤዝ ጊታሩ አንድን ሐረግ ሳይታክት እየደጋገመ ሲሄድ ዜማው በላዩ ይጋልባል፣ አድማጭም ግጥም መጉደሉን ይረሳል። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሎቹ አባላት እዚያው ቢቀሩም፣ ሥራው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ አማካይነት ለዓለም አድማጭ ደረሰ፤ አልበሙም በ2014 እ.ኤ.አ. በሸክላ ዳግመኛ ታተመ።