ለአክሱም መንበር የጠላት ምስክርነት

የአክሱምን ጵጵስና አጀማመር የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረኮዙት በሩፊኖስ ትረካ ላይ ነው። ሩፊኖስ የጢሮሱ ፍሬምናጦስ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና እንደ ተቀበለ ይተርካል፤ ይህንንም ከባልንጀራው ከአድስዮስ አፍ ሰማሁ ይላል። ነገር ግን የጻፈው ከሹመቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ አገሩንም «ህንድ» ይለዋል እንጂ አክሱምን በስሟ አይጠራትም። ስለዚህ ተጠራጣሪ ሰው ቢነሣበት አያስደንቅም።

በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚበልጠው ምስክር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ ነው። ግልባጩን ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው። የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ቆስጠንጢዮስ፥ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ወደ ግብጽ ይላክልኝ ይላል፤ የሾመውም አትናቴዎስ መሆኑን እየከሰሰ ይናገራል። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም ሳይዛና ወንድሙ እንደ ነበረ ያረጋግጣል።

ወዳጅ ለማክበር ሲል ሊጨምር ይችላል። ሹመቱን ሊያፈርስ የተነሣ ባላጋራ ግን ያልነበረ ጳጳስ አይከስም። እንግዲህ የመንበሩን ታሪክ የምንጽፍ ሁሉ ከደብዳቤው ጀምረን፥ ሩፊኖስን በእርሱ ብንመዝን ይሻላል እንላለን።