ሕዋስ ወይስ ማዕድን? ስለ ዳሎል በወጡ ሁለት ጽሑፎች ላይ የቀረበ ትችት

በማርስ ላይ ጥንት የነበሩ ረቂቅ ተሐዋስያንን አሻራ የሚፈልጉ ሊቃውንት ወደ አፋር መውረዳቸው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል ጨው፣ ድኝና አሲድ አብረው ከምድር ስለሚፈሉ፣ ቦታው የጥንቱን ማርስ ለመገመት ይረዳል ይባላል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ስለዚሁ ስፍራ በጥቂት ወራት ልዩነት የወጡትን ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን አንብበናል።

የፊተኛው ፌሊፔ ጎሜዝና ባልደረቦቹ በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ ያወጡት ነው። አሲድነቱ ፒ ኤች 0.25 ከሆነ፣ ሙቀቱም ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚጠጋ ስፍራ እጅግ ጥቃቅን ድቡልቡል አካላት አገኘን፤ ዲ ኤን ኤውም ሕያዋን መሆናቸውን ይመሰክራል ይላሉ። የኋለኛው የጆዲ ቤሊላና የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ ቡድን በኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን ያወጣው ነው። እነዚህ ከ2016 እስከ 2018 ናሙና ቀድተው፣ ተሐዋስያንን ለማራባት ሞክረው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም መርምረው፣ በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ አርኬያ የሚባሉት ተሐዋስያን ሲበዙ በዳሎል ኩሬዎች ግን ሕይወት የለም አሉ። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን በዚያው ሕይወት አልባ ውሃ ውስጥ ሲሊካ የበዛባቸው፣ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ማግኘታቸው ነው።

እንግዲህ መልክ ብቻውን ምን ይመሰክራል? በ1984 በአንታርክቲካ የተገኘው ኤ ኤል ኤች 84001 የተባለው የማርስ ድንጋይ ትል የሚመስሉ ቅርጾች ታዩበትና፣ በ1996 ዴቪድ ማኬይና ጓደኞቹ በሳይንስ መጽሔት ስለ ጥንታዊ ሕይወት ጻፉበት። ዛሬ አብዛኛው ሊቅ ያንን ንባብ አይቀበለውም። ዲ ኤን ኤም ቢሆን ከጨው ሜዳው በነፋስ፣ ከጎብኚም በእግር ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ የጎሜዝ ቡድን ማስረጃ አላረካንም።

ይሁን እንጂ የኋለኞቹም «አላገኘንም» ከማለት ወደ «የለም» የተሻገሩት ፈጥነው ይመስለናል። የዳሎል ፍልውሃ ዛሬ እዚህ ፈልቶ ነገ የሚደርቅ ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ዓይነት ውሃ ቀድተዋል ብሎ መከራከር አይቻልም። ፐርሲቨራንስ የተባለችው መንኮራኩር በ2024 በማርስ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ ስታገኝ፣ በ2025 የወጣው ጽሑፍ «የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል» ከማለት አላለፈም። ያ ድንጋይ እጅግ ሩቅ ነው፤ ዳሎል ግን ቅርብ ነው። ከአንድ ኩሬ በአንድ ቀን የተቀዳ ውሃ ተከፍሎ ለሁለቱም ቤተ ሙከራ ይላክ።