የጣት ብልኃትና የሥራ ቁም ነገር

ጎርገትስ የተባለው የካናዳ የሙዚቃ ባንድ «ኦብስኩራ» የሚል ስም የሰጠውን ሦስተኛ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1998 ለአድማጭ ባቀረበ ጊዜ፣ ሥራው የገጠመው አቀባበል ከፍቅር ይልቅ ለድንጋጤ የቀረበ ነበር። የባንዱን የቀድሞ አልበሞች ወደው የተከተሉ ብዙ አድማጮች ጊታሮቹን ቅኝታቸው የተፋለሰ፣ ከበሮውን መንገዱን የሳተ፣ ተጫዋቾቹንም አንዱ ሌላውን የማይሰማ አድርገው ቈጠሯቸው። አዲስ ነገር መወለዱን የተገነዘቡት ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ያው አልበም የዴዝ ሜታልን ታሪክ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ እንደ መንገድ ቀያሽ ይጠቀሳል፤ እንዲያውም አንድ የጀርመን ባንድ የቀድሞ ስሙን ትቶ ከዚሁ አልበም ርእስ ስሙን ወስዷል። በአልበሙ ላይ የተቀረጸው ድምፅ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዲት ኖታ አልተለወጠችበትም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? ጆሮው ነው ቢባል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጆሮው የተለወጠው ወደ ሥራው ልብ ተጠግቶ ነው ወይስ አንዱን አጉል መስፈርት በሌላ አጉል መስፈርት ተክቶ ነው የሚለው ጥያቄ ገና በቅጡ አልተመለሰም።

ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ዴዝ ሜታል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በተለይም በአሜሪካ በፍሎሪዳ፣ የጎለመሰ የሮክ ሙዚቃ ዘር ነው። ጊታሮቹ ከተለመደው ቅኝት ዝቅ ተደርገው ይቃኛሉ፤ ድምፃቸውም በኤሌክትሪክ ኃይል ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል። ከበሮ መቺው በሁለቱም እግሮቹ እየረገጠ ታላቁን ከበሮ ያለ ፋታ ያስመታል። ድምፃዊው አይዘፍንም፤ ከጉሮሮው ሥር ያጓራል። ርእሰ ጉዳዩም ብዙውን ጊዜ እንደ ስሙ ሞት ነው። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ከዚሁ ዘር አንድ ቅርንጫፍ ወጣ። የቸክ ሹልዲነር ባንድ ዴዝ በ1991 «ሂዩማን»ን፣ ሲኒክ ደግሞ በ1993 «ፎከስ»ን ሲያወጡ፣ ከጃዝ ጭምር የተማረ፣ ምቱ በየአፍታው የሚቀያየር፣ ለጣት እጅግ አስቸጋሪ የሆነ አጨዋወት ተስፋፋ። ለዚህም «ቴክኒካል ዴዝ ሜታል» የሚል ስም ወጣለት።

ስሙ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። አንድን የኪነ ጥበብ ዘርፍ በያዘው ጉዳይ ወይም በሚያሳድረው ስሜት ሳይሆን በእጅ ብልኃቱ የሰየመ ሰው ሐያሲውንም እጅ እጅ እንዲያይ ያስለምደዋል። በእርግጥም የዚህ ሙዚቃ ሂስ ገና ከጥንቱ የመቍጠር ልማድ ተጠናወተው፤ በደቂቃ ስንት ምት እንደተመታ፣ ምቱ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ ጊታሪስቱ ስንት አውታር በአንድ እጁ እንዳዳረሰ። ግጥምን በስንኙ ብዛት፣ ተውኔትን በገቢሩ ቍጥር መመዘን እንደማለት ነው።

«ኦብስኩራ» ይህን የቍጥር ሂስ ነው ግራ ያጋባው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በኩቤክ ክፍለ ሀገር በሼርብሩክ ከተማ ተመሥርቶ በ1991ና በ1993 ሁለት አልበሞች አሳትሟል። በሁለተኛው አልበም ላይ ቅልጥፍናው በመስፈርቱ ሁሉ ምስጉን ነበር። ከዚያ በኋላ አሳታሚው ኩባንያ ውሉን አቋረጠ። ባንዱ ያለ አሳታሚ፣ ያለ ገንዘብና ያለ አድማጭ በቀረባቸው ዓመታት የደረሳቸውን ሙዚቃዎች በ1997 ቀረጻቸው። የባንዱ መሪ ሉክ ለሜና ጓደኛው ስቲቭ ኸርድል በዚህ የብቸኝነት ወቅት ለራሳቸው አንድ ሕግ አወጡ፤ እስከዚያ ድረስ የዘርፉ መታወቂያ የነበሩትን ፈጣን የአውታር ንቀሳና የጋለበ ምት አንጠቀምም አሉ። ያላቸውን መሣሪያ ከእጃቸው ጣሉ ማለት ነው። በምትኩ አውታሩን መፋቅ፣ ማፏጨት፣ ማስጓራት፣ የማይስማሙ ድምፆችን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ እንዲፋተጉ መተው ያዙ። የስቲቭ ክሉቲዬ ባስ ጊታር የጊታሮቹን እግር ተከትሎ መሄዱን ትቶ በራሱ መንገድ ሄደ፤ የፓትሪክ ሮቤር ከበሮም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ «የሚፋቅና የሚያጓራ ድምፅ እንዴት ሙዚቃ ይባላል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም፤ ነገር ግን የበገናን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ሊያነሣው አይቸኩልም። በገና ሠሪው በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉትን ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች የሚያስገባው ድምፁ ጠርቶ እንዳይወጣ፣ እንዲነዝርና እንዲያጕረመርም ብሎ ነው። እንዚራው የተነሣለት በገና ጥሩ ይሆናል እንጂ በገና አይሆንም። ሻካራው ድምፅ በመሣሪያው ላይ የደረሰ ጉድለት ሳይሆን የመሣሪያው ቁም ነገር ነው። የፎካሪም ድምፅ እንዲሁ ነው። በፉከራ ጊዜ ጉሮሮውን ሰንጥቆ የሚጮኸውን ሰው «ዜማ አያውቅም» ብሎ የሚተች የለም፤ ድምፁ የተላከበትን ሥራ መሥራቱ ብቻ ይታያል።

ስለሆነም በ«ኦብስኩራ» ፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ ድምፁ ምን ሥራ ላይ እንዳለ ነው። መልሱ በጣም ግልጽ ሆኖ የሚሰማው «ክላውድድ» በተባለው ቁራጭ ላይ ነው። ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚወስደው ይህ ሥራ ፍጥነት የለውም፤ ሊቈጠር የሚችል ቅልጥፍናም የለውም። አንድ ከባድ ሐረግ ይነሣል፣ ይደክማል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል። ጊታሮቹ በአንድ ድምፅ ላይ ለመቆም ይሞክራሉ፤ ድምፁ ግን አይሸከማቸውም። ደመና የወረደበት አእምሮ ከራሱ ጋር ሲታገል ምን እንደሚመስል በቃላት ሳይሆን በአውታር መወጠር ይነገራል። በሌላ ቁራጭ፣ በ«ኧርዝሊ ላቭ»፣ ቫዮላ ድንገት ብቅ ስትል የምታሰማው ዜማ ከጊታሮቹ ሽካራ የሚያሳርፍ መስሎ ይጀምራል፤ አያሳርፍም፣ ቍስሉን ያሳያል። ቫዮላን የተማረውና በሞንትሪያል ኮንሰርቫቶሪ ድርሰት ያጠናው ለሜ የሾስታኮቪችና የፔንዴሬትስኪ አድናቂ መሆኑን አልደበቀም፤ ከሁለቱ የወሰደው ግን ጌጥ ሳይሆን የማይስማማ ድምፅ ሐዘንን እንዴት እንደሚሸከም ነው።

በ1998 አልበሙን የነቀፉት ቅልጥፍና አጥተውበት ነቀፉት። ከዓመታት በኋላ ያሞገሱት ደግሞ አዲስ ዓይነት ቅልጥፍና አግኝተውበት አሞገሱት። ልዩነቱ የሚታየውን ያህል ሰፊ አይደለም። የነቃፊዎቹ ስሕተት ቢያንስ ቅንነት ነበረው፤ ያልገባቸውን አልገባንም አሉ። የአሞጋሾቹ ስሕተት ግን የባሰ ፍሬ አፈራ። ያልተስማማ ድምፅ ራሱ ማዕረግ ሆነና በብዙ አገር ብዙ ባንዶች ያንኑ ፍትግትግ ያለ የጊታር ድምፅ እንደ ደንብ ልብስ ለበሱት። ከእነሱ መካከል የራሳቸው ጉዳይ ያላቸው አሉ፤ የኒውዚላንዱ አልሰሬት አንዱ ነው። የብዙዎቹ ሥራ ግን የሌላ ሰው ሐዘን የተቀዳበት ደብተር ነው።

ይህ ልማድ እስከምን እንደሚያደርስ የታየው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ባንዱ በ2001 አራተኛ አልበሙን አውጥቶ ከተበተነ በኋላ ለሜ በሌሎች ሦስት ተጫዋቾች እንደገና አቋቋመው። ኬቨን ሃፍናግል፣ ኮሊን ማርስተንና ጆን ሎንግስትሬዝ ከ«ኦብስኩራ» በኋላ ስማቸውን በሌሎች ባንዶች ያስጠሩ ተጫዋቾች ነበሩ። ኸርድል ግን በ2012 ዐርፎ ነበርና አላየውም። በ2013 «ከለርድ ሳንድስ»፣ ማለትም ባለቀለም አሸዋዎች፣ ወጣ። በዚህ ጊዜ ድንጋጤ አልነበረም፤ ምስጋናው በሰፊው ጐረፈ። አጨዋወቱ፣ የድምፅ ቀረጻው ጥራት፣ የሎንግስትሬዝ እግር፣ የማርስተን ባስ ሁሉ ተመሰገነ። ምስጋናው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አልበሙ ስለ ቲቤት ነው፤ ስለ ቲቤት የተባለው ነገር ከተባለው ሁሉ ያነሰ ሆነ።

የአልበሙ አሠራር ዘጠኝ ቁራጮች ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ስለ ተራራማው አገር፣ ስለ ጥበቡ፣ ኃይልን ስለመተውና መነኮሳት በባለቀለም አሸዋ ስለሚሠሩት ሥዕል ይናገራሉ። መነኮሳቱ ለብዙ ቀናት ፍሬ በፍሬ ደርድረው የጨረሱትን ሥዕል ጠርገው ወደ ውኃ ይጨምሩታል። የመጨረሻዎቹ አራቱ ስለ ወረራ፣ ራሳቸውን በእሳት ስላቃጠሉ፣ በበረዶ ተራራ ስለተሰደዱና ዝም ስለተሰኙ ሰዎች ናቸው። በመካከል አምስተኛው ቁራጭ ቆሟል፤ ስሙም «የቻምዶ ጦርነት» ነው። ጊታር የለውም፣ ከበሮ የለውም፣ የሚያጓራ ድምፅ የለውም። ለሜ ለአውታር መሣሪያዎች ብቻ የደረሰው ነው። በጥቅምት 1950 የቻይና ሠራዊት ቻምዶ ላይ የቲቤትን ጦር ሰብሮ የገባበትን ቀን የሚያስታውስ ነው።

ይህን ቁራጭ በሁለት ጩኸቶች መካከል የተሰጠ ዕረፍት አድርጎ የሚያልፈው አድማጭ አልበሙን አልሰማውም። ማጠፊያው እዚያ ነው። ደራሲው የጦርነቱን ቀን ለጊታሮቹ አልሰጠም። ለጦርነት የተፈጠረ የሚመስለውን ያንን ሁሉ ኃይል ወደ ጎን አድርጎ ለቫዮሊንና ለቼሎ ሰጠው፤ ጊታሮቹ ሲመለሱም በመጀመሪያው ክፍል ላይ የነበራቸው ስፋት የለም፣ ሐረጎቹ ያጥራሉ፣ ይቆረጣሉ። ሥራው የሚለው ነገር ያለው በዚህ የድምፅ ለውጥ ውስጥ ነው፤ ለውጡንም የትኛውም የምት ቈጠራ አያሳየውም።

ይዘቱን በቁም ነገር የሚወስድ ሂስ ግን ከምስጋና ጋር ወቀሳም ይኖረዋል፤ ይዘቱን ያልዳሰሱት አወዳሾች ይህንንም ዘለውታል። አንደኛው ወቀሳ የቃሉ ጉዳይ ነው። ፎካሪ ሲጮኽ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል፤ የፎካሪው ክብር ቃሉ ነው። በዚህ አልበም ግን ስለ ስደተኛው የተጻፈው ቃል በጉሮሮ ማጓራት ውስጥ ይሰጥማል፤ አድማጩ ግጥሙን ከወረቀት ካላነበበ ስለ ማን እንደሚለቀስ አያውቅም። ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ቁራጮች ላይ ያለችው ቲቤት ጥላ የሌላት አገር ናት። ከ1950 በፊት የነበረው የቲቤት ገበሬ ግን በገዳማትና በመኳንንት ርስት ላይ የታሰረ ነበር፤ ይህ ወረራውን ትክክል አያደርገውም፣ ሥዕሉን ግን ጎዶሎ ያደርገዋል። ተራራማ አገርን፣ ጥንታዊ ገዳማትንና ረቂቅ ጥበብን ከሩቅ የሚያደንቅ ዓይን በዚያ ተራራ ላይ የሚያርሰውን ሰው የማየት ልማድ የለውም። ኢትዮጵያን በተመለከተ የተጻፉትን የውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት ያነበበ ሁሉ ይህን ዓይን ያውቀዋል። ለሜ በቅን ልቡና፣ በብዙ ንባብ የሠራ ከያኒ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቅንነቱም ሁለተኛውን ክፍል ጠንካራ አድርጎታል። የመጀመሪያው ክፍል ውበት ግን ከመታዘብ ይልቅ ከመማረክ የመጣ ነው።

እንዲህ ያለ ወቀሳ ለሥራው ማክበር እንጂ ማቃለል አይደለም። ስለ ጣቶቹ ብቻ የሚነገረው ምስጋና ደራሲውን የምንናገርበት ጉዳይ እንደሌለው ሰው ይቈጥረዋል።

ባንዱ በ2016 «ፕለያዲስ ደስት»ን ሲያወጣ ጥያቄው እንደገና ተነሥቷል። ይህ ሥራ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ብቸኛ ድርሰት ነው፤ ጉዳዩም የባግዳድ የጥበብ ቤት፣ በዚያ የተሰበሰቡት መጻሕፍትና ከተማይቱ በ1258 በሞንጎሎች እጅ የወደቀችበት ታሪክ ነው። ስለ ሥራው ሲወራ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ርዝመቱ ነው። ርዝመቱ ግን ምክንያት አለው። ድርሰቱ ሰባት ክፍሎች ያሉት ሲሆን ከእነሱ አንዱ ስለ ተርጓሚዎች፣ የመጨረሻው ስለ ከበባው ነው፤ የመጨረሻው ክፍል የሚከብደው ከእሱ በፊት ሰዎች ለዘመናት ተቀምጠው ከግሪክ፣ ከፋርስና ከሕንድ ሲተረጕሙ ስለኖሩ ነው። የከበባው ክፍል ስለ ኃይሉ ብዙ ተብሎለታል። ስለ ተርጓሚዎቹ የተደረሰው ክፍል፣ ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የማሻገር ትዕግሥት በጊታር እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳየው፣ እስካሁን የሚገባውን ያህል ሐያሲ አላገኘም።