ወጣቱ አንባቢና ሙሉው መጽሐፍ፦ በስድስት የአማርኛ ልብ ወለዶች ላይ የቀረበ ግምገማ

መግቢያ

የነሐሴ ዝናም ጭላሎን ጋርዶ የአሰላን ሰው ከቤት በሚያውልበትና ኮሌጃችን ለዕረፍት በሚዘጋበት አንድ ወር ውስጥ፣ ይህ ጸሐፊ ስድስት የአማርኛ ልብ ወለዶችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበ። አምስቱን በወጣትነቱ ያውቃቸዋል፤ ስድስተኛውን ከሠልጣኞቹ እጅ ተውሶ አገኘው። ለንባቡ ያነሣሣው ከአንዲት ሠልጣኝ የተገኘ መልስ ነው። የበቆጂ አካባቢ ተወላጅ የሆነች ይህች ወጣት ስለ በዛብህ ምን እንደምታውቅ ብትጠየቅ፣ «ስሙን አውቀዋለሁ፤ የደረሰበትን ግን አላውቅም፤ ምንባቡ እዚያው ላይ አለቀ» አለች።

መልሷ የአንድ ሰው ጉድለት አይደለም። በክፍል ውስጥ ልብ ወለድ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ተቀንጭቦ ነው። ተማሪው አንድ ገጽ ያነባል፤ የቃላት ፍቺ ይሰጣል፤ ከአንቀጹ የወጡ አምስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ከዚያም ወደ ሰዋስው ይሸጋገራል። ነገ መምህር የሚሆነው ወጣት አንድ ልብ ወለድ ሳይፈጽም ወደ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከገባና ሳይፈጽም ከወጣ፣ ያልቀመሰውን ለተማሪዎቹ ሊያቀምስ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስድስቱን መጻሕፍት በወጣት አንባቢ ዓይን መመዘንና ለክፍል የሚበጀውን ማመልከት ነው።

የምርጫው መለኪያ

ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ ልብ ወለድ በአማርኛ ብዙ አይደለም። ወጣቱ ሲያነብ የኖረው ለአዋቂዎች ከተጻፈው የራሱን እየመረጠ ነው። ስለሆነም መለኪያችን «ደራሲው ለማን ጻፈው?» የሚል ሊሆን አይችልም። ምክርና ተግሣጽ የበዛበት መጽሐፍም ለወጣት ይስማማል ማለት አይደለም፤ ምክር በቤትም በትምህርት ቤትም ሞልቷል። ልብ ወለድ ብቻ የሚሰጠው ነገር፣ አንድ ወጣት ዋጋ ከሚያስከፍል ውሳኔ ፊት ሲቆም፣ ሲያመነታ፣ ሲወስንና የውሳኔውን ፍሬ ሲያጭድ ማሳየት ነው። ይህ ሂደት በአንድ ገጽ ቅንጫቢ ውስጥ አይገኝም።

መጻሕፍቱ በዚህ መለኪያ ሲታዩ

የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በ1941 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ስለተማረና አገሩን ለመጥቀም ስለተመለሰ ወጣት ይተርካል። ጭብጡ ዛሬም አላረጀም፤ ተምሮ ለተመለሰ ሰው አገሩ ምን ስፍራ ትሰጠዋለች የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለ። ድክመቱ ከስሙ ይጀምራል፤ ባለታሪኩ አርአያ እንዲሆን ታስቦ ስለተቀረጸ ስሕተቱ ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ እንዲህ ያለውን ሰው ያከብረዋል እንጂ አይቀርበውም።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከስድስቱ የላቀውን ስፍራ ይይዛል። በአንድ ወቅት የትምህርት ሚኒስትርም የነበሩት ደራሲ፣ ራሳቸው ያለፉበትን የጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ከውስጥ ያውቁታል። መጽሐፉ ዘወትር የሚታወሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ በጉዱ ካሳም ንግግር ነው። ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ ንባብ ይበልጥ የከበደው ከፍቅሩ በፊት ያለው ክፍል ነበር፤ ወላጆች በሕፃን ልጃቸው ስም ስለት ይሳላሉ፤ ልጁ አድጎ በስለቱ ይታሰራል። ከላይ የተጠቀሰችው ሠልጣኝ መጽሐፉን ተውሳ ከፈጸመች በኋላ የሰጠችው አስተያየት አጭር ነበር፦ «በዛብህን ማንም አልጠየቀውም። እኔንም መምህር መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም።» ይህን ንባብ ያስገኘ የመልመጃ ጥያቄ እስካሁን አላጋጠመንም። መጽሐፉ ረጅም ነው፤ አንዳንድ ንግግሮችም ከታሪኩ ፍጥነት ጋር አይሄዱም። ይሁን እንጂ ርዝመቱ መሰናክል ብቻ እንዳልሆነ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ አስመስክሯል፤ መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ ያልቻለ ብዙ ሰው በጆሮው ፈጽሞታል።

በ1962 ዓ.ም. የታተሙት ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢነበቡ ይጠቅማሉ። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» የቢሮ ኑሮ ይዞት ሥዕል መሣልን የሚመኘውን አበራ ወርቁን ያቀርባል። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ቀልጣፋ በመሆኑ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ወጣት አይከብድም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በአንጻሩ በደብረ ሲና አካባቢ የተማረው ወጣትና የአገሬው ሰው የሚከራከሩበት፣ በጭውውትና በምሳሌያዊ አነጋገር የተሞላ ሥራ ነው። በጥበቡ ከሁሉም ይልቅ ያስደንቃል፤ ለጀማሪ አንባቢ ግን በር አይከፍትም። በዚህ ምክንያት መምህሩ ራሱ ቀድሞ ቢያነበውና ለተማሪው ቢያቆየው እንመርጣለን።

የበዓሉ ግርማ «ሐዲስ» (1975 ዓ.ም.) ወደ ኢሉባቦር ገጠር ስለሚሄድ ወጣት መምህር የሚተርክ በመሆኑ፣ ለማሠልጠኛ ኮሌጅ ከዚህ የሚቀርብ መጽሐፍ የለም። ነገ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመደብ ሠልጣኝ ብቸኝነቱንና ተስፋውን በዚህ መጽሐፍ አስቀድሞ ሊያይ ይችላል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። ታሪኩ የሚታየው በመጪው መምህር ዓይን ነው፤ መምህሩን የሚቀበለው የገጠር ልጅ ስለዚህ ሰው ምን ያስባል? ሠልጣኞቻችን አብዛኞቹ ይህንኑ ልጅ ነበሩና መልሱን ከራሳቸው ሕይወት ሊጽፉት ይችላሉ።

ስድስተኛው መጽሐፍ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) ነው። ብዙ ጊዜ የታተመው ይህ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሽፋኑ ያለቀው ማንም አንብቡ ሳይላቸው ነው። ገዳምንና ሳይንስን፣ ስለላንና የአገር ፍቅርን አጣምሮ አንባቢውን ያስሮጠዋል። በመለኪያችን ሲታይ ልብ አንጠልጣይነቱ የውሳኔን ስፍራ ይወስዳል፤ አንባቢው «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ይላል እንጂ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ለማለት ፋታ አያገኝም። ቢሆንም መናቅ አይገባውም። አንድ ወጣት አንድን መጽሐፍ የመፈጸምን ደስታ ያገኘው በዚህ ከሆነ፣ መምህሩ ደስታውን ተከትሎ ወደሚቀጥለው መጽሐፍ ሊመራው ይገባል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ አማርኛም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ስለዚህ የአሰላና የአካባቢው ተማሪ ወደ አማርኛ ልብ ወለድ የሚደርሰው በሁለተኛ ቋንቋ ነው። መጻሕፍቱ በታተሙበት ዘመን ወይም በዝናቸው ሳይሆን በቋንቋቸው ክብደት ይደርደሩ። ከ«ዴርቶጋዳ» ተጀምሮ በ«ከአድማስ ባሻገር» በኩል ወደ «ሐዲስ»፣ ከዚያም ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢኬድ፣ «አደፍርስ» የመጨረሻው እርከን ይሆናል። «አርአያ» ስለ ትምህርት ዓላማ ለሚደረግ ክርክር መነሻ ቢሆን ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ይነበብ። ቅጂ ባነሰበት ክፍል መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የሬዲዮው ትረካ መንገዱን አሳይቶናል። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ባነበቡት ላይ ቢሹ በአፋን ኦሮሞ ይወያዩ፤ በአማርኛ ይጻፉ። እንደ ዳባ ወየሳ «ጎዳኒሳ» ያሉ የአፋን ኦሮሞ ልብ ወለዶችም በትይዩ ቢነበቡ፣ ሁለቱም ቋንቋዎች ይጠቀማሉ እንጂ አንዱ አይጎዳም።

በመጨረሻ፣ የአርሲ ደጋ ከስድስቱ የአንዳቸውም ዋና መቼት አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን በክንዱ ይዞ ከአሰላ ወጣ ካለው ገጠር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ እንደነበረ ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ ማድረጉንም ከዚያ ጋር ያያይዙታል። በዚያው መንገድ ሮጠው አሸናፊ ያልሆኑ፣ ነገር ግን ትምህርት ቤት የደረሱ ብዙ ልጆች አሉ። የእነርሱን ታሪክ የሚጽፈው ምናልባት ዛሬ በክፍላችን የተቀመጠ ሠልጣኝ ነው። እርሱ እንዲጽፍ ግን አስቀድሞ አንድ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ አለበት፤ ይህን ማሟላትም የእኛ ድርሻ ነው።