«እርስዎ የጻፉትን እኔ እንዴት ልንካው?»

ናዝሬት ያደገ ሰው ስለ ከተማው ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሣው ባቡር ጣቢያውን ነው፤ ቀጥሎ ወንጂን፤ ከዚያ ወዲያ በስሟ ይከራከራል። እኛም የተሰበሰብነው ስለ ባቡሩና ስለ ወንጂ ለመጻፍ ነበር። ስምንት ነን፤ ሁለት ጡረታ የወጡ መምህራን፣ አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚውሉ ሦስት ወጣቶች፣ ስምንተኛው ይህ ጸሐፊ። ስለ ከተማይቱ አንድ ደህና መጽሐፍ በጋራ እንድንጽፍ ተስማማን። ከወጣቶቹ አንዱ «ዊኪ እንክፈት» አለን። ከፈትን። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ገጽ ነው፤ መጽሐፉ አልወጣምና ስለ መጽሐፉ የማወራው የለኝም።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ዊኪ ማለት ያነበበው ሰው እዚያው ላይ የሚያርመው፣ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ገጽ ነው። ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ በመጋቢት 1987 ዓ.ም. ለሙያ ባልደረቦቹ ከፈተው። ስሙን የወሰደው ከሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ ነው፤ «ዊኪ ዊኪ» በሃዋይ ሰዎች ቋንቋ «ቶሎ ቶሎ» ማለት ነው። ዊኪፔዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት በዚሁ ዘዴ የተነሣው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1993 ነው። የዘዴው ትልቁ ቁም ነገር ግን ፍጥነቱ አይመስለኝም። ገጹ የቀድሞ መልኩን አይጥልም፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቃል እንደ ለወጠ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ብራና ፋቂ የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን ሲጽፍ የፊተኛው ስም ጠፋ ማለት ነው። እዚህ ግን የተፋቀውም ይነበባል።

(ይህ ሁሉ በአማርኛ የሚቻል የሆነው ዘግይቶ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የፊደል ሰንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ የየራሱ ፊደል ነበረው፤ አንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ሲከፈት የቁራ ጫር ሆኖ ይወጣ ነበር። በዚያ ላይ ማን ከማን ጋር ይጻፍ?)

ወደ ገጻችን ልመለስ። የወንጂን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ልምዱን ይዞ መጥቶ ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ እንዳስጀመረ፣ በ1952 ደግሞ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ አዋሽን እንዳገደ አተትኩ። አገዳ ቆራጮቹ ግን ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ዘፈናቸው፣ ስለ ደመወዝ ቀን ገበያ የማውቀው ጥቂት ነው። ዊኪ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ጉድለት ነው። ክፍተቱን ትቼ «እባካችሁ ሙሉ» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ ስልኬ መጮኽ ጀመረ። አንደኛው መምህር «ጋሼ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ነገር አለች» አሉኝ። ነገሯ ትልቅ ስሕተት ነበረች። «ታዲያ ለምን አያርሙትም?» አልኳቸው። «እርስዎ የጻፉትን እኔ እንዴት ልንካው?» የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በወረቀት ጽፋ አመጣችልኝ። ወጣቶቹ ጭራሽ ዝም አሉ፤ በኋላ ስጠይቃቸው «ትልቅ ሰው ፊት ቀይ እስክሪብቶ አይመዘዝም» ብለው ሳቁ። እንዲህ ሆኖ ስምንት ሰው የሚጽፈውን ገጽ ከሰባት ሰው ስልክ እየተቀበለ የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ ተገኘ።

ይሉኝታ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ግን የሰው ጽሑፍ መንካት ለእኛ አዲስ ነገር ነው? የግእዙን መዝገበ ቃላት አስቡት። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ገበሩለት፤ ሳይታተም ቢያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰው በአንድ ጽሑፍ ላይ! በአንድምታውም ትርጓሜ ላይ እያንዳንዱ መምህር የፊተኛውን ሳይሰርዝ «አንድም» እያለ የራሱን ይጨምራል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ልዩነት ሳይቀር አብሮ ይነገራል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው ቢሉ፣ እነዚያ የነኩት በአደራ ነው። መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ «ያዝ» ብሎታል። ዊኪ ግን አደራ አያውቅም፤ ባዳው መጥቶ እንዲያርምህ ይጠይቃል፣ አንተም የባዳውን እንድታርም። ያልለመድነው ይህንን ነው።

ክፉው ነገር የመጣው በስሙ ላይ ነው። ከተማዋ ናዝሬት የተባለችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. በይፋ አዳማ ወደሚለው ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ መቀመጫ ሆነች፤ በ1997 መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህን የሚክድ ከመሃላችን አልነበረም። ግን የገጹ ራስጌ የሚቀበለው አንድ ስም ነው። አንድ ቀን «ናዝሬት» የሚለው «አዳማ» ሆኖ አገኘነው። በማግሥቱ ተመልሷል። በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ተለውጧል። ማን እንዳደረገው ተመዝግቧል፤ ሁላችንም አየነው፤ አንዳችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም። ቡና ስንጠጣ ስለ ኳስ አወራን። ለክርክር የተዘጋጀው «ውይይት» የሚባለው ገጽ ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚጽፍ እያነሰ ሄደ።

ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱም ያው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቆቹ የሚወርድ መንገደኛ የአውቶቡስ ረዳቱን አንዱን ስም እየሰማ፣ ታቤላው ላይ ሌላውን እያነበበ ነው የሚሄደው። ረዳቱ ግን ግራ ሲገባው አላየሁም፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል።

በትልቁ ዊኪፔዲያ ላይ ምን ሆነ ብዬ ሄጄ አነበብኩ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ገጾች ያሉት የአማርኛው ክፍል አለ፤ በቁቤ የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞው ክፍል አለ፤ እነዚህ ለየብቻ የሚታረሙ ናቸው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ካየነው የአማርኛው ክፍል ልዩ ስብስብ ነው። ለብዙ ተረትና ምሳሌ ለየብቻው ገጽ ተከፍቶለታል፤ የሱመርና የባቢሎን ነገሥታት በክብር ሰፍረዋል፤ የብዙ ከተሞቻችን ገጽ ግን ክልል፣ ዞን፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ ብሎ ያበቃል። የጻፉትን አልወቅስም፤ ባዶ እጃቸውን የለፉ ናቸው። የምወቅሰው ያልጻፍነውን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 220,212 ነዋሪ የተቆጠረባት ከተማ የገበያዋን፣ የሠፈሮቿን፣ የፋብሪካ ፊሽካዋን የሚጽፍ አታጣም። ደግሞም ዘዴው የተበጀው ተጣይዎቹ በአንድ ገጽ ላይ እንዲገናኙ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን «ናዝሬት» የሚለው ወደ አንዱ ክፍል፣ «አዳማ» የሚለው ወደ ሌላው እየሄደ ሳይተያይ ያድራል። ጸብ የለም፤ ጽሑፍም የለም።

ዘዴውንም ከወቀሳ ነፃ አላወጣውም። አንድ ራስጌ ብቻ ስለሚቀበል ከሁለቱ አንዱን ከበላይ ሳያስቀምጥ አይሆንለትም፤ ሌላውን በቅንፍ ወይም «የቀድሞ» በሚል ቃል ይሸኘዋል። «አንድም» የሚለው ቃል ያለው ቋንቋ ከዚህ የተሻለ አያጣም ባይ ነኝ። የራስጌውን ውሳኔ ለሕጉ ትቶ ከሥር ግን ከተማይቱን በሁለቱም ስሟ የጠሯትን ሰዎች ማስገባት ይቻል ነበር፤ ባቡር ላይ ትኬት የቆረጠው በየትኛው ስም እንደ ቆረጠ፣ ገበያ የመጣችው በየትኛው እንደ ጠራቻት።

ገጹ አሁንም አለ፤ በቅርቡ ከፈትኩት። ከሁላችን በኋላ የገባ አንድ ለውጥ አገኘሁ፤ የቀድሞው የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ስለ ባቡሩ ሌላው የጻፈው አንቀጽ ውስጥ ስሕተት አግኝተዋል። አልሰረዙትም። ከሥሩ አንድ መሥመር ዘለው «አንድም፤ እኔ የሠራሁበት ጊዜ እንዲህ አልነበረም» ብለው ጀምረው አሥራ አንድ መሥመር ጽፈዋል፤ የጣቢያውን ደወል፣ የድሬዳዋውን ባቡር የሚጠብቁ ብርቱካን ሻጮችን፣ የሌሊት ተረኛውን ፋኖስ። አሥራ ሁለተኛው መሥመር መሐሉ ላይ ተቋርጧል።